የበግ፣ የፍየልና የአህያ ራስ ቅል በላንድማርክ ማወዳደር፦ ነጥቦቹን የት ላድርግ?

የማራኪዋ
ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ያለሁት ጎንደር ነው። በእንስሳት አናቶሚ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የበግን፣ የፍየልንና የአህያን ራስ ቅል ላወዳድር አስቤአለሁ። በካሊፐር ርዝመትና ስፋት ከመለካት ይልቅ በጂኦሜትሪክ ሞርፎሜትሪክስ ልሠራው ነው የፈለግሁት። አጥንቱን ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎቶው ላይ ላንድማርኮች፣ ማለትም የታወቁ የአጥንት ቦታዎችን የሚያመለክቱ ነጥቦች አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ የነጥቦቹን ኮኦርዲኔት (ቦታቸውን የሚገልጹትን ቁጥሮች) ወስጄ ቅርፅን ከቅርፅ አስተያያለሁ።

ያስጨነቀኝ የነጥቡ ቦታ ነው። ያነበብኳቸው ጽሑፎች አይስማሙም። አንዱ 12 ነጥብ ይጠቀማል፣ አንዱ 40፣ አንዱ ከ100 በላይ። ስንት ይበቃል? አህያዋ ደግሞ ከበጓ በጣም ትበልጣለች። መጠኑ ቅርፁን አይረብሽብኝም? ካሜራ የለኝም፣ በስልክ ነው የማነሳው። አጥንቱን ከበዓል በኋላ ከየሰፈሩ ለመሰብሰብ አስቤአለሁ። የምታውቁ ተባበሩኝ።

አጥንት ወዳድ
ሰኞ ማታ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ከብዛቱ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ። "ይህ ነጥብ በሦስቱም እንስሳት ላይ ያው ራሱ ነገር ነው ወይ?" በይ። ሆሞሎጂ የምንለው ይህንን ነው። ነጥብ ቁጥር 7 በጉ ላይ አንድ ነገር፣ አህያዋ ላይ ሌላ ነገር ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ምንም አይልሽም። ቆንጆ ግራፍ ሠርቶ ይሰጥሻል። ግራፉ ግን ስለ እንስሳቱ የሚነግርሽ ነገር አይኖርም።

በእጅሽ ልታይው የምትችይውን ምሳሌ ልስጥሽ። የበግ ራስ ቅል ያዢና ከዓይኑ ጉድጓድ ፊት፣ ወደ አፍንጫው በኩል ያለውን አጥንት በአውራ ጣትሽ ዳብሺው። ጎድጎድ ያለ ቦታ ታገኛለሽ። በሕይወት ሳለ እዚያ ላይ እጢ ነበረበት። አሁን የፍየሏን አንሺና እዚያው ቦታ ዳብሺ። ጣትሽ ሳይሰምጥ ያልፋል። ፍየል ይህ እጢ የላትም። እንግዲህ "የጉድጓዱ ጥልቁ ቦታ" ብለሽ ነጥብ ብታደርጊ ፍየሏ ላይ ምን ላይ ታስቀምጪዋለሽ? በግምት ብታስቀምጪ ያልነበረ ነገር ፈጠርሽ ማለት ነው። ይህን ልዩነት "አለ፣ የለም" ብለሽ በቃል ጻፊው። ከነጥቦቹ ውስጥ ግን አውጪው።

አህያዋ ላይ ስትደርሺ ችግሩ ይብሳል። በግና ፍየል የላይ የፊት ጥርስ የላቸውም። አህያ አላት። ስለዚህ "የላይኛው የመጀመሪያ ጥርስ ሥር" የሚል ነጥብ ለሁለቱ የለም። ነገሩ ከራስ ቅል ውጭም እንዲሁ ነው። አንድ ጓደኛችን የአህያንና የላምን የእግር አጥንት፣ ከጉልበት በታች ያለውን ረጅሙን፣ በላንድማርክ ላወዳድር ብሎ ነበር። የአህያዋ አጥንት አንድ ጣት ነው፣ ሦስተኛው። የላሟ ግን ሦስተኛውና አራተኛው ተዋህደው የሠሩት ነው። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ጫፉ ላይ የምታደርጊያቸው ነጥቦች ግን የተለያየ ጣት ላይ ነው የሚያርፉት።

ፍሬድ ቡክስታይን እ.ኤ.አ. በ1991 ላንድማርኮችን በሦስት ደረጃ ከፍሏቸዋል። አንደኛው አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ወይም ነርቭና ደም ሥር የሚወጡበት ቀዳዳ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ጫፍና ጎባጣ ነው፣ ቅርፁ በጣም የሚታጠፍበት ቦታ። ሦስተኛው "ከዚህኛው በጣም የራቀው" ወይም "በጣም የሰፋው ቦታ" የሚባለው ነው። የመጀመሪያውን ባበዛሽ ቁጥር በሰላም ትተኛለሽ። ሦስተኛውን ቆጥቢው።

የኔ ምክር አህያዋን ተያት። በግና ፍየል ብቻቸውን የሚበቃ ሥራ ናቸው።

ቁጥር ወዳድ
ማክሰኞ ጠዋት

በሆሞሎጂው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አህያዋን ተዪ በሚለው ግን አልስማማም። በጣም የተራራቁ እንስሳትን ማወዳደር ይቻላል። የነጥቡ ቁጥር ይቀንሳል እንጂ ዘዴው አይከለክልም። የዓይን ጉድጓድ ዙሪያ፣ የራስ ቅሉ የኋላ ትልቁ ቀዳዳ ጠርዝ፣ የአፍንጫ አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ በሦስቱም አለ።

አሁን ስለ መጠኑ። እህቴ፣ ይህን ዘዴ የምትመርጪበት አንዱ ምክንያት መጠንን ከቅርፅ ስለሚለይልሽ ነው። ፕሮክረስቴስ የሚባለው ስሌት ሦስት ነገር ይሠራል። መጀመሪያ የእያንዳንዱን አጥንት ነጥቦች መሃከል ፈልጎ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ያመጣቸዋል። ቀጥሎ ሁሉንም ወደ አንድ መጠን ያመጣቸዋል። በመጨረሻ ነጥቦቹ እርስ በርስ በተቻለ መጠን እስኪቀራረቡ ያዞራቸዋል። ከዚህ በኋላ የሚተርፈው ልዩነት ቅርፅ ነው።

መጠኑ ግን አይጣልም፣ ይህን ልብ በይ። ሴንትሮይድ ሳይዝ ተብሎ ለብቻው ይቀመጥልሻል። የሚሰላው እንዲህ ነው፦ የእያንዳንዱ ነጥብ ከመሃከሉ ያለው ርቀት በራሱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። ይህን ቁጥር ይዘሽ "ቅርፁ ከመጠን ጋር አብሮ ይቀየራል ወይ?" ብለሽ ትጠይቂያለሽ። አሎሜትሪ ማለት ይኸው ነው። ትልቅ እንስሳ የትንሹ ጉልህ ቅጂ ሆኖ አያድግም። ግልገል ፊቱ አጭር፣ ዓይኑ ትልቅ ነው፤ ሲያድግ ፊቱ ይረዝማል። በፕሮክረስቴስ መጠኑን ብታስተካክይም ይህ የዕድገት ለውጥ ቅርፁ ውስጥ ይቀራል። በመጠን የመጣውን ለይተሽ ካላወጣሽ "የዝርያ ልዩነት" ብለሽ የምትጽፊው የዕድሜ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የነጥቡ ብዛት የናሙናሽን ብዛት ይወስናል። በፎቶ ስትሠሪ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቁጥር ስላለው 12 ነጥብ 24 ቁጥር ይሰጥሻል። ከዚያ ላይ ማስጠጋቱ፣ ማዞሩና መጠን ማስተካከሉ 4 ይወስዳሉ፣ 20 ይቀራል። በሦስት ዳይሜንሽን ከሆነ ደግሞ ከጠቅላላው 7 ይቀነሳል። 40 ነጥብ በፎቶ ብታደርጊ 76 ተለዋዋጭ ይዘሽ ነው የምትገቢው። በዚያ ላይ ከየዝርያው አሥራ አምስት ራስ ቅል ብቻ ቢኖርሽ፣ ሲቪኤ የሚባለው፣ ቡድንን ከቡድን የሚለየው ትንታኔ እውነተኛ ልዩነት በሌለበት እንኳ ቡድኖችን አለያይቶ ያሳይሻል። ይህን በደንብ ፍሪው።

የማራኪዋ
ማክሰኞ ጠዋት

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዓይኑን ጉድጓድ ነገር ወዲያው ሄጄ አየሁት፣ ልክ ነው! በጉ ላይ አውራ ጣቴ ገጥሞ ገባ።

እንግዲያው ሬሾ ብጠቀም ምን ችግር አለው? ርዝመትን በስፋት ብካፍለው መጠኑ ራሱ ይጠፋ የለም ወይ? አማካሪዬ ይህንን ነው የለመዱት።

ቁጥር ወዳድ
ማክሰኞ ጠዋት

ሬሾ ሁለት ርቀት ወስዶ አንድ ቁጥር ይሰጥሻል። ለውጡ የት ቦታ ላይ እንደሆነ ግን አይነግርሽም። የፍየሏ ሬሾ ከበጉ ቢበልጥ ፊቷ ረዝሞ ነው ወይስ ግንባሯ ጠቦ? ከፊት ነው የረዘመው ወይስ ከዓይኑ ወደ ኋላ? አይታወቅም። ነጥቦቹ ግን እርስ በርስ ያላቸውን አቀማመጥ ይዘው ስለሚቆዩ ውጤቱን መልሰሽ በሥዕል ታይዋለሽ። ዳርሲ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1917 አንድን ዓሣ በፍርግርግ ላይ ስሎ፣ ፍርግርጉን ሲያጣምመው ሌላ ዝርያ ዓሣ እንደሚሆን አሳይቶ ነበር። ያኔ በእጅ ነው የሠራው። ዛሬ ያንን ፍርግርግ ኮምፒዩተሩ ከነጥቦችሽ ያወጣልሻል። ለአማካሪሽ ያንን ሥዕል አሳያቸው፤ ከሁሉ በላይ እሱ ያሳምናቸዋል።

የድሮው ሥጋ መርማሪ
ማክሰኞ ከሰዓት

ልጄ፣ ለብዙ ዓመት ቄራ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለ አጥንቱ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ደህንነትሽ። ከየሰፈሩ እሰበስባለሁ ብለሻል። የታረደ መሆኑን ካላረጋገጥሽ አትንኪ። ድንገት ሞቶ የተጣለ በግ ወይም ፍየል አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። የአባ ሰንጋ ስፖር አፈርና አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከገደል፣ ከቦይ፣ ከቆሻሻ መጣያ ያገኘሽውን አጥንት ቤትሽ አታስገቢ። ከልኳንዳ ቤት ወይም ከቄራ፣ ተመርምሮ ካለፈ እንስሳ ውሰጂ። ጓንት አድርጊ። ይህን አደራ እልሻለሁ።

ሁለተኛ፣ ከበዓል በኋላ የምታገኚው ራስ ቅል ብዙው የተሰባበረ ነው። ቀንዱ በመጥረቢያ ሲመታ ቅሉ አብሮ ይሰነጠቃል። ሌላውን ውሻ ይጎትተዋል። የታችኛው መንጋጋ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ይተርፋል። ውሻ የጋጠው ከኋላ ጥጉ ስለሚጎድል ያስታውቃል፣ እሱን ተዪው። በግና ፍየል ላይ ግራና ቀኙ መንጋጋ ከፊት በኩል አጥብቆ የተጣበቀ አይደለም። ሥጋው ሲለቅ ለሁለት ይለያያል። ግማሹን ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ብታስተኚው ዝርግ ሆኖ ይቀመጣል። ለፎቶ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ሦስተኛ፣ ዕድሜ። የፊት ጥርሱን ብቻ አትይ። ወደ ኋላ ሄደሽ የመጨረሻዋን መንጋጋ ጥርስ እያት። ከፊቷ ያሉት ሁለቱ መንጋጋ ጥርሶች ሁለት ሁለት ክፍል ሲኖራቸው እሷ ሦስት አላት። እሷ ሙሉ በሙሉ ወጥታ ከሆነ እንስሳው አድጓል። ገና ከአጥንቱ ውስጥ ብቅ እያለች ከሆነ ለብቻው አስቀምጪው።

አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጎንደር ገበያ ላይ በበዓል የምታገኚው ወንድ ብዙው ሙክት ነው። ተኮላሽቷል። ተኮላሽቶ ያደገ እንስሳ የእግር አጥንቱ ጫፍ ዘግይቶ ነው የሚገጥመው። ስለዚህ አጥንቱ ይረዝማል፣ ይቀጥናል። ሙክትና ወጠጤ ቀላቅለሽ "ወንድ" ብለሽ ብትጽፊ ልክ አይመጣም። ሻጩን ጠይቂ። ሴት፣ ያልተኮላሸ ወንድ፣ ሙክት ብለሽ በሦስት መድቢ።

ስታጸጂው በሚንፈቀፈቅ ውሃ ለሰዓታት አትቀቅይው። ስቡ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቀጫጭኑም አጥንት ይሰነጠቃል። በቀስታ እሳት፣ ትንሽ የዱቄት ሳሙና ጨምረሽ ሥጋው እስኪለቅ ብቻ። በረኪና አትጠቀሚ፣ አጥንት ይበላል።

የማራኪዋ
ማክሰኞ ከሰዓት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። የሙክቱን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። ሻጮቹን እጠይቃለሁ። ከቄራ ለመውሰድ ደብዳቤ አስጽፋለሁ።

እንግዲያው ራስ ቅሉን ትቼ መንጋጋ ብይዝስ? አጥንት ወዳድ ምን ይላሉ?

አጥንት ወዳድ
ማክሰኞ ማታ

ጋሼ የተናገሩት ወርቅ ነው። መንጋጋ ያዢ። ነጥቦቹን እንዲህ ብታደርጊስ፦ የፊት ጥርሶቹ ጉድጓድ የፊተኛው ጫፍ። የአገጩ ነርቭ የሚወጣበት ቀዳዳ የኋላ ጠርዝ። የመጀመሪያው ቅድመ መንጋጋ ጥርስ የፊት ጠርዝ። ቅድመ መንጋጋ ጥርሶቹ አልቀው መንጋጋ ጥርሶቹ የሚጀምሩበት። የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርስ የኋላ ጠርዝ። የኋላ ጥጉ በጣም የሚታጠፍበት። ከቅሉ ጋር የሚጋጠመው ራስ የፊትና የኋላ ጫፍ። በመገጣጠሚያውና ከፊቱ ወደ ላይ በሚወጣው ረጅም ጫፍ መካከል ያለው ጎድጓዳ ጥልቁ ቦታ። እና የረጅሙ ጫፍ አናት።

ጥርስ ላይ ስታደርጊ ጥንቃቄ። ነጥቡን ከጥርሱ አናት ላይ አታድርጊ። ጥርስ ይበላል፣ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ያጥራል። ነጥቡ ጥርሱ የተተከለበት የአጥንቱ ጠርዝ ላይ ይሁን። ያ ቦታ እንስሳው ቢያረጅም አለ።

የረጅሙን ጫፍ አናት በጥርጣሬ እዪው። ቀጭን ነው፣ ይሰበራል፣ ከእንስሳ እንስሳም በጣም ይለያያል። አንድ ነጥብ ብቻውን በጣም ሲዋዥቅ ፕሮክረስቴስ ያንን ልዩነት ለጎረቤት ነጥቦች ያካፍለዋል። ምንም ያልተነቃነቁ ነጥቦች የተንቀሳቀሱ ይመስላሉ። ትንታኔውን ያንን ነጥብ ይዘሽም ትተሽም ሥሪና ውጤቱ ይቀየር እንደሆነ እይ።

የታችኛው ጠርዝ ጉብጠት ላይ አስተማማኝ ነጥብ አይገኝም። እዚያ ሴሚላንድማርክ ትጠቀሚያለሽ። ጠርዙን ተከትለሽ ነጥቦች ትደረድሪና ሶፍትዌሩ በመስመሩ ላይ እንዲያንሸራትታቸው ታደርጊያለሽ።

የጎርጎራ ልጅ
ረቡዕ ጠዋት

እኔ የምሠራው በዓሣ ነው። ጣና ላይ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች አሉ፣ 15 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኔዘርላንዳውያኑ ናጌልከርከና ሲቢንግ ቅርፃቸውን እየለኩ ነው የለዩአቸው። ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። የሚገርመው አፋቸው ውስጥ ጥርስ የላቸውም። የዚህ ዓሣ ወገን ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ያለ አፍ ጥርስ ዓሣ አዳኝ ለመሆን ሰውነታቸውና አፋቸው መለወጥ ነበረበት። ላንድማርክ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው የተሠራው።

ለእህታችን የሚጠቅመው የአቀማመጥ ነገር ነው። ዓሣ ጎርጎራ ላይ ከጀልባ ሲወርድ ጎብጦ ይደርቃል። የጎበጠ ዓሣ ፎቶ ሲነሳ ዋናው የቅርፅ ልዩነት ጉብጠቱ ይሆናል፣ ዝርያው ከኋላ ይቀራል። አፉ የተከፈተና የተዘጋም እንዲሁ። አንቺ አጥንት ስለያዝሽ ከዚህ ድነሻል፤ ግን መንጋጋው ትንሽ ዘንበል ካለ ያው ችግር ነው። እኔ ሰፊ ሳህን ላይ ደረቅ አሸዋ አደርግና ዓሣውን እዚያ አስተካክላለሁ። ለመንጋጋም ይሆናል። አሸዋው አጥንቱን ይይዝልሻል፣ ሁሉንም በአንድ አኳኋን ታስቀምጪዋለሽ።

ደባርቅ ነኝ
ረቡዕ ጠዋት

በዚሁ አንድ ጥያቄ። ዋልያስ? ዋልያ የፍየል ወገን ነው፣ ካፕራ ዋሊ። የሰሜን ተራሮች እዚሁ አጠገባችን ነው። የፍየልን መንጋጋ ከዋልያ ጋር ማወዳደር ትልቅ ነገር አይሆንም?

አጥንት ወዳድ
ረቡዕ ከሰዓት

በጣም ትልቅ ነገር ይሆናል ወንድሜ። በጉን ከፍየል ብቻ ከማወዳደር ይልቅ የፍየል የቅርብ ዘመድ ሲገባበት ጥያቄው ይሰፋል። ግን ፓርኩ ውስጥ ወድቆ ያገኘኸውን አጥንት ማንሳት አይቻልም። ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ይህ ሕግ እንዲጠበቅ አጥብቄ ነው የምፈልገው። ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ያለው ሌላ መንገድ ሙዚየም ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1832 ሰሜንን አቋርጦ ጎንደር ገብቶ ነበር። ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ የገለጻቸው እሱ ነው። የሰበሰባቸው ናሙናዎች ፍራንክፈርት በሚገኘው የዘንከንበርግ ሙዚየም ገቡ። ዛሬ ብዙ ሙዚየሞች አጥንታቸውን በሦስት ዳይሜንሽን ስካን አድርገው ሞርፎሶርስ በሚባለው ድረ ገጽ በኩል ለተመራማሪ ይሰጣሉ። የኛን ተራራ እንስሳት አጥንት ከጎንደር ሆኖ በኮምፒዩተር ማየት መቻል አለብን። ጠይቁ፣ ጻፉላቸው። ተማሪ ሲጽፍላቸው ይመልሳሉ።

አንድ ነገር ብቻ። የስካንን ነጥብ ከስልክ ፎቶ ነጥብ ጋር አትቀላቅሉ። የሚመጣው ልዩነት የመሣሪያው ይሁን የእንስሳው አይታወቅም።

የአዘዞዋ
ረቡዕ ከሰዓት

በስልክ ስለማንሳት ማንም አልመለሰላትም። እኔ ልመልስ። ስልክ ይሆናል፣ ግን በአጠገብ አታንሺ። ከቅርብ ሲነሳ ወደ ሌንሱ የቀረበው የአጥንት ክፍል ያብጣል፣ የራቀው ያንሳል። ስልኩን ትራይፖድ ላይ አቁሚ፣ ሰፊውን ሌንስ ተዪ፣ ራቅ ብለሽ በሚያቀርበው ሌንስ አንሺ። ርቀቱ ለሁሉም አንድ ይሁን። አጥንቱን መሃል ላይ አድርጊ፣ የፎቶ ጠርዝ ይጣመማል። ማስመሪያው ከነጥቦቹ ጋር በአንድ ከፍታ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ አጥንቱ ከፍ ካለ መጠኑ ይሳሳታል። ወይ ሁሉንም ግራ መንጋጋ ውሰጂ ወይ ቀኙን ፎቶ ገልብጪ።

የማራኪዋ
ረቡዕ ማታ

ሁላችሁም ተባረኩ። አህያዋን ለጊዜው ትቻታለሁ። በግና ፍየል፣ የግራ መንጋጋ፣ የመጨረሻ ጥርሱ የወጣ ብቻ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ፍየል ቅጠል ትቀነጥሳለች፣ በግ ሣር ይግጣል። የመንጋጋቸው ልዩነት ከአመጋገባቸው የመጣ ነው ብዬ መደምደም እችላለሁ?

ቁጥር ወዳድ
ረቡዕ ማታ

አትችይም። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፣ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

በግና ፍየል ከተለያዩ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ብዙ ነገር ተለያይቷል። ሁለት ዝርያ ካወዳደርሽ በማንኛውም ነገር ይለያያሉ፤ ቀንዳቸው፣ ጅራታቸው፣ ክሮሞሶማቸው እንኳ 54 እና 60 ነው። ከእነዚህ ውስጥ አመጋገብን መርጠሽ "መንጋጋውን የቀየረው ይኸኛው ነው" የሚያሰኝሽ ምንም የለሽም። ለአመጋገብ ጥያቄ ብዙ ዝርያ ያስፈልጋል። ቅጠል በሊታና ሣር በሊታ በተለያየ የዘር ሐረግ ውስጥ ደጋግመው መታየት አለባቸው። ያኔም ቢሆን ዘመዳሞች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ እያንዳንዱ ዝርያ ራሱን የቻለ ማስረጃ ተብሎ አይቆጠርም። ጆሴፍ ፌልሰንስታይን ይህን እ.ኤ.አ. በ1985 በግልጽ አሳይቶታል። ከዚያ ወዲህ የዝርያ ንጽጽር ያለ ዘር ሐረግ አይሠራም።

አንቺ ግን በእርግጠኝነት የምትመልሺው ሌላ ጥሩ ጥያቄ አለሽ። የጎንደር በግና ፍየል መንጋጋ በቅርፅ ይለያል ወይ? ቢለይ የት ቦታ ላይ? አንድ ያልታወቀ መንጋጋ ቢመጣ በነጥቦቹ ብቻ የማን እንደሆነ መናገር ይቻላል? ይህ ለአርኪዮሎጂ ሰዎች ቀላል ነገር አይደለም። ከቁፋሮ የሚወጣ የበግና የፍየል አጥንት መለየት የቆየ ፈተናቸው ነው። ያንቺ ሥራ እዚያ ይገባል።

የድሮው ሥጋ መርማሪ
ሐሙስ ጠዋት

ለሥጋ ምርመራም ይገባል ልጄ። ፍየል ነው ተብሎ በግ፣ በግ ነው ተብሎ ፍየል ሲሸጥ የሚነሳው ክርክር ስንት ነው። ቆዳው ከተገፈፈና ጭንቅላቱ ከሄደ በኋላ አጥንቱ ብቻ ነው የሚመሰክረው።

አጥንት ወዳድ
ሐሙስ ጠዋት

በቁጥር ወዳድ ላይ አንድ ልጨምር። ነጥብ ስታስቀምጪ የእጅሽ ስህተት ስንት እንደሆነ መለካት አለብሽ። ሁሉንም መንጋጋ ባይሆንም የተወሰኑትን ፎቶ በሌላ ቀን እንደ አዲስ አንሺ፣ ነጥቡንም እንደ አዲስ አስቀምጪ። ፎቶውን ሳትደግሚ ነጥቡን ብቻ ብትደግሚ የአቀማመጡ ስህተት ይደበቅብሻል። ከዚያ በፕሮክረስቴስ አኖቫ (ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ከፋፍሎ በሚያሳየው ስሌት) በእንስሳትና በእንስሳት መካከል ያለው ልዩነት ከእጅሽ ስህተት መብለጡን አረጋግጪ። ካልበለጠ ሌላው ሁሉ ትርጉም የለውም።

ፎቶዎቹን ዝርያቸው በማይታይ ቁጥር ሰይሚያቸውና ቀላቅያቸው። በጎቹን ሁሉ መጀመሪያ፣ ፍየሎቹን ሁሉ በኋላ አትሥሪ። እጅሽ በመካከል ይለምዳል፣ ልምዱ የዝርያ ልዩነት መስሎ ይወጣል።

ሶፍትዌሩ ሁሉ ነፃ ነው። ነጥብ ለማስቀመጥ የጄምስ ሮልፍ ቲፒኤስዲግ፣ ለትንታኔ የክሪስ ክሊንገንበርግ ሞርፎጄ፣ አር የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምትችይ ከሆነ ጂኦሞርፍ። ፋይሉን እንዳስገባሽ መጀመሪያ የራቁ ናሙናዎችን ፈልጊ። አንድ መንጋጋ ከሁሉም ተነጥሎ ከወጣ ብዙውን ጊዜ የነጥብ ተራ ተቀያይሮ ነው፣ 5 በ6 ቦታ ገብቶ። ሳታይ አትሰርዢው።

የማራኪዋ
ሐሙስ ከሰዓት

ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ። በጎቹንና ፍየሎቹን ፕሮክረስቴስ ለየብቻ ልሥራ ወይስ አንድ ላይ?

ቁጥር ወዳድ
ሐሙስ ከሰዓት

አንድ ላይ። ለየብቻ ከሠራሽው እያንዳንዱ ቡድን በራሱ አማካይ ላይ ይስተካከላልና ሁለቱን ማወዳደር አትችይም። ሁሉንም በአንድ ፋይል አስገቢ። ዝርያ፣ ፆታ፣ ሙክት ነው አይደለም፣ የጥርስ ሁኔታና የተገኘበት ቦታ በየራሳቸው ዓምድ ይግቡ። መጀመሪያ ፒሲኤ (ዋና ዋናውን የቅርፅ ልዩነት በግራፍ የሚያሳየውን ትንታኔ) አድርጊና ግራፉ ላይ እያንዳንዱን መንጋጋ የሚወክሉትን ነጥቦች በዝርያ፣ ቀጥሎ በፆታ፣ ቀጥሎ በጥርስ ሁኔታ ቀለም እየቀያየርሽ እያቸው። ከዚያ ቅርፅን በሴንትሮይድ ሳይዝ ላይ ሪግሬስ አድርጊ፣ ማለትም ቅርፁ ከመጠኑ ጋር እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳየውን መስመር አውጪ። የበጎቹና የፍየሎቹ መስመር አቅጣጫው ይለያይ እንደሆነም ፈትሺ። ካልተለያየ ብቻ ነው የመጠኑን ድርሻ ከሁለቱም በአንድ ላይ የምታወጪው። መንጋጋው ሲደርስሽ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች እዚሁ ለጥፊልን፣ ነጥብ ከማስቀመጥሽ በፊት አብረን እንያቸው።